ንጹህ ነሽ

ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ሰው ታሞ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ሲባል ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደያዘው አይደለም። «ተጠርጓል ወይ?» ነው የሚለው። መጠረግ ማለት በቀዶ ሕክምና ማዕከሉ በር ላይ አፍንጫን፣ ብብትንና ብሽሽትን በጥጥ መነካት ነው። ጥጡ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ንጹህ ያለው በቀኝ በር ወደ መታጠቢያው ይገባል። ጀርም ተሸካሚ ያለው በግራ በር ወጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በሚጠብቅ መኪና ወደ ማረፊያ ይሄዳል። ማረፊያው ድሮ ሆቴል የነበረ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤት ነው። አልጋው ጥሩ ነው፣ ማስታገሻም አይጓደልበትም። በእግሩ ቆሞ የወጣ ግን ጥቂት ነው።

ጥጡን የሚይዘው ሰው ናሆም ይባላል። ሃምሳውን ያለፈ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እንደ ሌሎቹ የማዕከሉ ሠራተኞች ፀጉሩም ቅንድቡም በመቁረጫ የተነሳ ነው። የጋብቻ ቀለበቱን የተቀጠረ ዕለት አውልቆ ቤቱ አስቀምጦታል። ቤቱ ውስጥ ድመት አያሳድግም፣ አበባ አያጠጣም፣ በየሳምንቱም እሱ ራሱ ይጠረጋል። በሥራው ላይ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ተሸካሚ ሆኖ አያውቅም።

ድሮ ለጉሮሮ ሕመም ሳይቀር ይዋጡ የነበሩት መድኃኒቶች አንድ በአንድ መሥራት ካቆሙ ወዲህ የከተማው ኑሮ ቀስ እያለ ተለውጧል። ሰው ሲገናኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል እንጂ አይጨባበጥም። ጉንጭ ለጉንጭ መሳም የወላጆች ዘመን ወሬ ሆኗል። ልጆች ጉልበቱ የተደረበ ሱሪ ካልለበሱ ትምህርት ቤት አይገቡም። ምላጭ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እግሩን ሚስማር የጫረው ሰው ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጣል፣ ጎረቤቶቹም በመስኮት ቆመው ይጠይቁታል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይወጣል፣ አንዳንዱ አይወጣም። ይህን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው የለም።

ማዕከሉ ውስጥ ግን ቁስል አያመረቅዝም። ኩራቱም እሱ ነው። ታካሚው በሮዝ ሳሙና ይታጠባል፣ እንዳይበርደው ሙቅ አየር የተሞላ ጃኬት ይለብሳል። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አንዴ ከተዘጋ ሥራው ሳያልቅ አይከፈትም። ውስጥ ያሉት በዓይንና በጣት ይግባባሉ እንጂ አያወሩም። ሥራ መሃል በር የከፈተ፣ ጓንቱን ሳይቀይር መስፊያ ያነሳ ሰው በማግስቱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በዚህ ጥንቃቄ ብዙ ሰው ተርፏል። ናሆም ይህን በዓይኑ ስላየ ተሸካሚዎችን በግራ በር ሲያስወጣ አያመነታም ነበር። አንድ ተሸካሚ ቢገባ አልጋው፣ መጋረጃው፣ የጎን ታካሚው ሁሉ ምን እንደሚሆን ለአዲስ ሠራተኞች የሚያስተምረው እሱ ነው።

ሚስቱ ሲፈን በወጣትነቷ ዶሮ እርባታ ውስጥ ሠርታለች። ያኔ ዶሮዎቹ እንዳይታመሙና ቶሎ እንዲደልቡ ከመኖው ጋር መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። መድኃኒቱን የለመደው ጀርም ከዶሮዎቹ ወደ ሠራተኞቹ ቆዳ ተሻገረ። እርባታዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፣ ሠራተኞቹ ግን አሉ። ጤነኞች ናቸው፣ ይሠራሉ፣ ይስቃሉ። ስለት ቆዳቸውን ካልከፈተው ጀርሙ ምንም አይላቸውም። ብዙዎቹ መጠረግ ይፈራሉ፣ ሲፈንም ትፈራ ነበር። ናሆም ግን አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ሳለ አፍንጫዋን በጥጥ ነካ አድርጎ፣ በማግስቱ ማሽኑ ውስጥ ከቶት ነበር። ተሸካሚ ነበረች። አልነገራትም። ማወቋ ምን ይጠቅማታል ብሎ ነው። እሷ የልጅ ልጆቿን ስታቅፍ እያየ ዝም አለ።

ሕመሙ የጀመራት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እምብርቷ ዙሪያ ቆርጠም ያደርገኛል አለች፣ ቀጥሎ ቀኝ ጎኗን ይዛ ተጣጠፈች። ናሆም ጎኗን በእጁ ተጭኖ ሲለቀው ከንፈሯን ነከሰች። ትርፍ አንጀት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም። ባጃጅ ጠርቶ ደግፎ አስገባት።

መንገድ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ «ናሆሜ» አለችው።

«አቤት።»

«ግራ ካልከኝ አልለምንህም። ሌሎቹን እንደምታደርገው አድርገኝ። በእኔ የተነሳ ሰው ፊት እንዳታፍር።»

«ዝም በይ እስቲ፣ ይብስብሻል» አላት።

በሩ ላይ የቅዳሜ ተረኛው ናሆም ራሱ ነበር። ጓንት አጠለቀ። አፍንጫዋን፣ ብብቷን፣ ብሽሽቷን ነካ። ጥጡን ይዞ ወደ ማሽኑ ዞረ፣ ጀርባውን ለእሷ ሰጠ። ያንን ጥጥ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። አዲስ ጥጥ አንስቶ የራሱን አፍንጫ ጠረገና ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማንም አላየውም፣ የሚያይም አልነበረም። ይህን ሥራ የሰጡት የማይዋሽ ሰው ነው ተብሎ ነው።

አረንጓዴው መብራት ሲበራ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ንጹህ ነሽ» አላት።

ሲፈን ሕመሟን እስክትረሳ ድረስ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ራሴን የፈራሁት በከንቱ ነው?»

«በከንቱ ነው።»

እንባዋን ጠርጋ ራሷ ቆማ በቀኙ በር ገባች።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ጥቂት ቀርቶት ነበር አሉ። ናሆም በየቀኑ የቁስሏን ነገር ሲጠይቅ ደረቅ ነው፣ ጥሩ ነው ይሉታል። ሮዙ ሳሙና ሠርቷል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ምናልባት ደንቡ ከልክ በላይ ጠብቆ ይሆናል ብሎም አሰበ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከዚያ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ከሲፈን ጎን ያለው አልጋ ላይ ሀሴት የምትባል ወጣት ተኝታ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው። ሕፃኑ እንደ ደንቡ ወደ ሌላ ክፍል ተወስዷል፣ የእናቱ ቁስል እስኪደርቅ ድረስ አይሰጣትም። ነርሶቹ ጠዋትና ማታ ብቻ ገብተው ይወጣሉ። ታካሚዎቹ እርስ በርስ ግን እንዲነካኩ ይፈቀድላቸዋል፣ ሁሉም ተጠርገው ንጹህ የተባሉ ናቸውና። በከተማው ውስጥ ሰው የማያውቀውን ሰው ሳይፈራ የሚነካበት ቦታ ያ ክፍል ብቻ ነው።

ሲፈን በዚህ ነገር ልጅ ሆነች። ናሆም የጠያቂዎች መስታወት ጋ ቆሞ ያያታል። ቀና ብላ መራመድ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ሀሴትን ትደግፋለች፣ ትራሷን ታስተካክላለች፣ ፀጉሯን እያፍታታች ትሠራላታለች። ሀሴት የምትለው አይሰማም፣ ግን ስትስቅ ይታያል። ስትስቅ ቁስሏ እያመማት ሆዷን ትይዛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሀሴት የቁስል ፕላስተር ጫፉ ተላቀቀ። ሲፈን ወንበሯን ስባ ቀረበች። ጎንበስ ብላ ጋዙን በጣቷ መለስ አደረገችው፣ ፕላስተሩን ጥግ ጥጉን እየተጫነች አጣበቀችው። ናሆም መስታወቱን አንኳኳ። ሁለቱም ቀና አሉ። በእጁ ተይ፣ ተይ፣ ራቂ አላት። ሲፈን የሚቀልድ መሰላት። ሁለቱን መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችው፤ ንጹህ ነኝ እኮ ማለቷ ነው። ከዚያ ከሀሴት ጋር ሳቁበት።

በመስታወቱ መነጋገሪያ ቀዳዳ ሊነግራት ይችል ነበር። ነርስ ሊጠራ ይችል ነበር። ቢናገር ግን እሷን ከዚያ አልጋ አንስተው ማረፊያ ይወስዷታል፣ ቁስሏም ገና አልጠና። ነገ ትወጣለች፣ አንድ ቀን ነው የቀረው ብሎ ራሱን አጽናና። እጁን ከመስታወቱ ላይ አነሳ።

ሲፈን ወጣች። ሀሴትን ተሰናብታ፣ ልጁን ክርስትና ሲነሳ ነው የማቅፈው ብላ ቃል ገብታ ወጣች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሀሴት ባል ባሮክ በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። ዓይናፋር ወጣት ነው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ሀሴት ትንሽ ትኩሳት አላት። የወተት ትኩሳት ነው አሉኝ። ቁስሉም ትንሽ ቀላ ብሏል። ዛሬ ወደ ማረፊያ ትሄዳለች፣ እዚያ ፀጥታ አለ አሉኝ። ማረፊያ ለተሸካሚ አይደለም እንዴ?»

ናሆም «ቁጭ በል፣ መጣሁ» አለውና ወደ ውስጥ ገባ።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ያብስራ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ እጇን እየታጠበች ነበር። ጥሩ እጅ ያላት ቀዶ ሐኪም ናት፣ ከአዳማ እስከ ዱከም ስሟን የማያውቅ የለም። ናሆም በሩን ዘጋው።

«ዶክተር፣ የሀሴት ትኩሳት የወተት አይደለም።»

«እንደሱ ያለዎት ማነው?»

«ጀርሙን አውቀዋለሁ። ከሚስቴ ነው የመጣው። ሚስቴ ተሸካሚ ናት። ጥጡን ቀይሬ፣ የራሴን አስገብቼ ነው ያሳለፍኳት። የትኛው ጀርም እንደሆነ ማሽኑ ቀድሞ ነግሮኛል። አዲስ አበባ የተቀመጠው፣ እስካሁን የሚሠራው የመጨረሻው መድኃኒት ይገድለዋል። ዛሬ ካስመጣችሁት ትተርፋለች።»

ዶክተሯ ውሃውን ዘጋች። እጇን ቀስ ብላ አደረቀች።

«ጋሽ ናሆም፣ መድኃኒቱ የሚወጣው ኢንፌክሽን አለ ብለን ስናስታውቅ ነው። ካስታወቅን ደግሞ በዚያው ቀን ይዘጉናል። እስኪከፍቱን ስንት ወር እንደሚፈጅ ያውቃሉ። ምጥ የጠናባት፣ አንጀቱ የታጠፈበት፣ ይሄ ሁሉ አገር ወዴት ይሂድ?»

«እኔን ክሰሱኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው በሉ።»

«በምን ልክሰስዎት? ኢንፌክሽን እኮ የለም። ባለቤትዎ ተጠርገው፣ ማሽኑ ንጹህ ናቸው ብሎ ነው የገቡት።»

«ዋሽቼ ነዋ።»

«ማሽኑ አልዋሸም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘንድሮ እዚህ ገብቶ እንደዚህ ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። ሁላችሁም የምትወዱት ሰው አላችሁ። የእኔ እናት በግራ በር ነው የወጣችው» አለች።

ናሆም ያን ቀን አስታወሰ። ጥጡን የያዘው እሱ ነበር።

«ከሥራ ላሰናብትዎ ብል ምክንያት መስጠት ሊኖርብኝ ነው» አለች ዶክተሯ፣ በሩን እየከፈተችለት። «ስለዚህ ሥራዎት ላይ ይቆዩ። እኔም የሰማሁት ነገር የለም።»

ሲመለስ ባሮክ እዚያው ተቀምጧል። ናሆም እውነቱን ሊነግረው አስቦ ነበር። ይልቁንም፣ «ማረፊያው ጥሩ ነው። አይዞህ» አለው። ባሮክ አመሰገነው። መኪናው ሀሴትን ይዞ ሲወጣ ወጣቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላ ሮጠ።

ናሆም ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ወደሚቀመጥበት የአዲስ አበባ ክፍል ስልክ ደወለ። የተቀበለው ድምፅ ትሑት ነበር። ከማዕከሉ ሪፖርት ከሌለ ጥያቄው ሊስተናገድ አይችልም አለው፣ ሌላ የሚረዳው ነገር ካለም ጠየቀው።

ሀሴት ማረፊያ በገባች በሳምንቱ አረፈች። ምክንያቱ የወሊድ ድካም ተባለ። ባሏ በመስታወት ነው የተሰናበታት።

ሲፈን ወሬውን የሰማችው ከገበያ ስትመለስ ነው። የያዘችውን ሽንኩርት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች።

«ያቺ ልጅ ሞተች ናሆሜ። እንዴት ትሞታለች? ደህና አልነበረች? በእጄ ነው እኮ ስደግፋት የነበረው።» ጥቁር ነጠላዋን ከሳጥን አወጣች። «ለቅሶ እሄዳለሁ፣ ልበስ።»

«አትሂጂ» አላት።

«ለምን?»

ናሆም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሁሉንም ነገራት። እሁዱን፣ ጥጡን፣ አረንጓዴውን መብራት፣ ዶክተሯ ያለችውን። እያወራ ቀና ብሎ አላያትም። ሲጨርስ ሲፈን ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች። ሳሙናውን ደጋግማ አሸች፣ ጥፍሮቿን ፈተገች፣ ውሃው ቀዝቅዞ ጣቶቿ እስኪቀሉ አልተወችም።

«ጎንሽን እንዳያምሽ ተይው» አላት ናሆም።

«ስላሳለፍከኝ አይደለም የከፋኝ» አለች ሳትዞር። «ሞቴን ፈርተህ ነው፣ ይገባኛል። እኔም ላንተ ባደርገው ነበር ይሆናል። ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል ብቻ። ባውቅ ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር። አልጋዬ ላይ ዝም ብዬ ተኝቼ እወጣ ነበር። ልጅቷ ዛሬ ልጇን ታጠባ ነበር።»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለ ናሆም።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። እጇን ሳታደርቅ ነጠላዋን ለበሰች። «ተነስ። አብረን ነው የምንሄደው።»

ለቅሶው ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበሮቹ በደንቡ መሠረት ተራርቀው ተደርድረዋል። ባሮክ ሲፈንን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሳ። ክንዱ ላይ ሕፃን ልጁን አቅፏል።

«እትዬ ሲፈን እርስዎ ነዎት?» አለ። «ስለ እርስዎ ብቻ ነበር የምትነግረኝ። በልጅነቴ ያጣኋትን እናቴን ልትተካልኝ ነው ትል ነበር።» ሕፃኑን ወደ እሷ ዘረጋው። «እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልያዘችውም። እርስዎ ይያዙላት።»

ሲፈን ሁለቱን እጆቿን ከኋላዋ አደረገች። አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደች። ባሮክ ሕፃኑን እንደዘረጋ ቀረ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ በለቅሶ ቤት ልጅ መግፋት ምን የሚሉት ነው ብለው ነው።

«አልነካውም የኔ ልጅ» አለች ሲፈን። «ለምን እንደማልነካው ባለቤቴ ይንገርህ።»

ሁሉም ወደ ናሆም ዞሩ። ናሆም ኮፍያውን አወለቀ፣ ቅንድብ የሌለው ፊቱ ተጋለጠ። ቆሞ ተናገረ። ለዶክተሯ ሲናገር የነበረው ጥድፊያ አልነበረበትም፤ መድኃኒት የሚያስመጡላት ሀሴት ስለሌለች የሚያስቸኩለውም አልነበረም። ባሮክ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠው ሰማው።

«ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«በር ላይ ስትጠብቀኝ። ያኔ ገብቼ ነገርኳቸው።»

«እና እርስዎ ወጥተው አይዞህ አሉኝ።»

«አዎ።»

ባሮክ ራሱን ነቀነቀ። ሕፃኑን ወደ ደረቱ መለሰው፣ ጨርቁን አገጩ ድረስ ሸፈነለት። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የሟቿ ታላቅ ወንድም ከወንበሩ ሲነሳ ባሮክ በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

«ነገ ክፍለ ከተማው ሄጄ ልክሰስ ብል» አለ ባሮክ፣ ናሆምን ሳይሆን መሬቱን እያየ፣ «በወሊድ ድካም ነው የሞተችው ነው የሚሉኝ። እርስዎንም ማንም አይነካዎትም። አይደል?»

«አይነኩኝም» አለ ናሆም።

«እንግዲያው ይሂዱልኝ።»

ናሆም ሲፈንን ጠበቃት። ሲፈን ከድንኳኑ ውጭ፣ ከሰው ርቃ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች። ለሀሴት በድምፅ ማልቀስ ጀመረች። ተነሺ እንሂድ አላት፣ ማልቀሷን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ልብሷን ልጃቸው መጥታ ወሰደችላት።

ሰኞ ጠዋት በማዕከሉ በር ላይ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ከፊት የቆመችው እርጉዝ ሴት ናሆምን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ናሆም ጓንቱን አጠለቀ፣ ጥጥ አነሳና ቀና በይ አላት።